ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የጠጣሁት ወተት

ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ መውጫ ላይ የቆመች ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ሹፌሩ እስኪመጣ መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ፣ ቀጥዬ ስለ ዘንድሮ ሹፌሮች ስንፍና ለራሴ ሳወራ ነበር። በመጨረሻ እጁ በግራሶ የጠቆረ ሰው መጥቶ ጎንበስ አለና፣ "አባባ፣ ይቺ የትም አትሄድም፤ የፊት ጎማዋን ጎሚስታ ጋ ልኬዋለሁ" አለኝ። ወርጄ ሳያት እውነትም በድንጋይ ነው የቆመችው። ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ መካኒክነት እንጀራ የበላሁ ሰው፣ እስከ ሦስት ድረስ መቁጠር አቅቶኝ ጎማ በሌላት ባጃጅ መሄድ አማረኝ። ሰውየው እንዳይስቅ ከንፈሩን ሲነክስ ሳየው አዘንኩለትና ሥራውን አቀለልኩለት። "አትፍረድብኝ፣ የኔም አንዱ ጎማ ወልቋል" አልኩና በከዘራዬ ግራ ዳሌዬን መታ መታ አደረግኩ።

ከዚያ ቦታ እስከ ቤቴ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ድሮ እያፏጨሁ የምሄደው መንገድ ነበር። አሁን ግን ግራ እግሬ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ነው፤ ካልገፋሁት አይንቀሳቀስም፣ ከገፋሁትም ይጮሃል።

ዳሌህን ምን ነካው ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ አለኝ። እውነቱም አለኝ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። እዚህ የምጽፈው እውነቱን ነው፤ አንድ ጥያቄ ስጠየቅ በመዋሸቴ እግሬን እንዴት እንዳስበላሁ፣ ከእግሬ አልፌም የሌላ ሰው ስም እንዴት እንዳስበላሁ።

ነገሩ የጀመረው በጨጓራ ነው። ጡረታ ስወጣ ፋብሪካው የሰጠኝ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ ጨጓራ ነው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ጨጓራው ግን የሚሰቀልበት አጣሁለት። አብሮኝ የሠራ አንድ ሶማሌ ወዳጄ ጨጓራዬ ሲያቃጥለኝ አይቶ፣ የግመል ወተት ጠጣ፣ በሁለት ሳምንት ትረሳዋለህ አለኝ። ሳቅኩበት። እኛ ቤት ግመል የሚባል ነገር እንኳን ከማጀት ከወሬም አይገባም። ባለቤቴ የማኅበር ሰው ናት፤ የግመል ሥጋ የሚሸጥበት መንገድ ላይ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ነው የምታልፈው። አርባ ዓመት ድሬዳዋ መኖሯ ይህን አላስተዋትም። እኔም ብሆን ያደግኩት በዚያው ሥርዓት ነው። ቢሆንም ጨጓራ ሃይማኖት የለውም።

ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከገጠሩ ከቢዮ አዋሌና ከዋሂል በኩል በጠዋት መኪና የሚመጡ ወተት ሻጭ ሴቶች ይቀመጣሉ። ከመሐላቸው አንዷ፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሶማሌ፣ ሁለት ጄሪካን ይዛ ነበር የምትመጣው፤ በአንዱ የላም፣ በአንዱ የግመል። የላሙን የኛ ሰፈር ሴቶች ይገዟታል፤ የግመሉን የራሷ ሰዎች። በመሐል ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ አዴር ትለኛለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው። እኔ አባዮ እላታለሁ፣ እህቴ። ከዚያ ውጪ አንተና አንቺ ነን፤ ድሬ ላይ አንቱታ ከሙቀቱ ጋር ተንኖ ካለቀ ቆይቷል።

አጠገቧ አንድ የተዘጋ ጋራዥ አለ። ጣሳዬን ተቀብዬ ወደዚያ ጋራዥ ግድግዳ ዞሬ ነበር የምጠጣው። ከሩቅ ለሚያየኝ የሚሸና ሽማግሌ ነው የምመስለው። አስቤበት ነው፤ የሚሸና ሽማግሌን አተኩሮ የሚያይ የለም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አልጠጣም ነበር። ኃጢአትም ሥርዓት አለው።

ያልጠበቅኩት የጭሱን ጣጣ ነው። የወተት ዕቃቸውን በእንጨት ጭስ ስለሚያጥኑት ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። አንድ ቀን ባለቤቴ አጠገቤ ስትቀመጥ አሸተተችኝና ሲጃራ ጀመርክ ወይ ብላ አፈጠጠችብኝ። አሰብኩ። ሲጃራንና ግመልን በልቤ መዘንኩ። "አንዳንዴ፣ ከሰዎች ጋር" አልኳት። በሕይወቴ ሲጃራ በከንፈሬ ይዤ የማላውቅ ሰው በስልሳ ስምንት ዓመቴ አጫሽ ሆንኩ።

ጨጓራዬ ግን፣ እውነቱ መነገር ካለበት፣ ተሻለው።

ወተቱን ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ትኩሳት ጀመረኝ። ጠዋት ደህና ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ እግላለሁ፤ ከዚያ ላብ ያጠምቀኛል። ሁለት ቀን ይተወኝና እፎይ ስል ይመለሳል። ድሬ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው መጀመሪያ ወባ ነው፤ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው፤ እሱም ካልሆነ ያ ስሙ ምላስ የሚያስር የትንኝ በሽታ ነው። የሦስቱንም መድኃኒት በየተራ ዋጥኩ። ወገቤ መያዝ ጀመረ፣ ከወገቤ ወደ ዳሌዬ ወረደ። ከመቀመጫዬ ለመነሳት የምወስደው ጊዜ እየረዘመ ሲሄድ ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ከመሐል አገር የመጣ፣ ሰው የሚያከብር ጎልማሳ ነበር። እርስዎ ሲለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ካርድ አውጥቶ መጠየቅ ጀመረ። መልሱን የምትሰጠው ባለቤቴ ናት፤ እኔ በሽታውን እንጂ መልሱን አልያዝኩም።

ያጨሳሉ ወይ አለ።

"ያጨሳል፣ ያውም በዚህ ዕድሜው" አለች። ጻፈ።

ያልፈላ ወተት ይጠጣሉ ወይ ሲል፣ ቤታችን ወተት ሦስት ጊዜ ሳይገነፍል ከእሳት አይወርድም አለችው። እሱም ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ፣ "የግመል ወተትስ?" አለ።

ባለቤቴ ሳቀች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የአንገቷን ማተብ አሳየችው። "ዶክተር፣ ይሄ አይታይህም እንዴ?"

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ስለሚጠየቅ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቃትና ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎስ፣ አባቴ?"

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ይዞራል፤ አንዱ ክንፉ ትንሽ ጎብጧል፣ ብሎኑም ላልቷል። ይሄን ባጠብቀው ብዬ አሰብኩ። ሚስቴን ውሃ ግዢልኝ ብዬ ማስወጣት እችል ነበር። ወረቀት ላይ ጽፌ መስጠት እችል ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ቢጠይቀኝም እነግረው ነበር ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። እኔ ግን "ኧረ ወዲያ" አልኩ።

ያቺን "ኧረ ወዲያ" ሳስባት ከአፌ የወጣች ሳይሆን ከዳሌዬ የተቆረጠች አጥንት ትመስለኛለች።

ራጅ ተነሳሁ፤ ደምም ሰጠሁ፤ የታየው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያልተጠረጠረ አይፈለግም። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ደርድሮ አስረዳኝ። የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፣ ጀርም አይደለም፤ የራስዎ ሰውነት ራሱን እንደ ጠላት ቆጥሮ እየወጋ ነው አለኝ። ይህን ስሰማ ነገሩ በደንብ ገባኝ። ዕድሜ ልኬን በራሴ ላይ ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰውነቴ ከአፌ ተምሮ ነው አልኩ። ሐኪሙ ሳቀ። ሁለታችንም የተስማማንበት ውሸት ስለሆነ ደስ ብሎን ተለያየን።

የሰጠኝ ክኒን ጉድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብድግ ብዬ ተነሳሁ። ምግብ አልበቃኝ አለ። ፊቴ እንደ ጨረቃ ክብ ሆነና ጎረቤት ሁሉ አማረብህ ይለኝ ጀመር፤ እውነትም የተነፋ ሰው ከሩቅ ሲያዩት የታደሰ ይመስላል። ኋላ እንደተነገረኝ ያ ክኒን ያስተኛው በሽታውን ሳይሆን በሽታውን የሚጠብቀውን ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሲያንኮራፋ ሌባው ቤቱን ጠራርጎ በላ። ከሁለት ወር በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ወገቤም ከበፊቱ ባሰ። ሐኪሙ ክኒኑን ጨመረ። እኔ ደግሞ በበኩሌ ወተቱን ጨመርኩ፤ አቅም ይሰጠኛል ብዬ።

መጀመሪያ ያወቀችብኝ ወተት ሻጯ ናት። አንድ ጠዋት በከዘራ እየተጎተትኩ ስመጣ ከሩቅ ጀምራ ስታየኝ ነበር። ጣሳዬን ስዘረጋ አልቀዳችም። ላቡ መቼ ጀመረህ አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ነው የሚያተኩስህ አለችኝ። አንድ ቀን ደህና ሆነህ ሌላ ቀን ነው የሚጥልህ አለችኝ። ሁሉንም አዎ አልኩ፤ የጠንቋይ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ የወንድሟን ነገር ነገረችኝ። ወንድሟ ግመል ጠባቂ ነው። አንዲት ግመል ጽንሷን ስትጥል በእጁ አወጣላት፣ ወተቷንም ጠጣ፤ ከዚያ ወገቡን ይዞት እንዳንተው ሲንቀጠቀጥ ከረመ፤ ኋላ ሐኪም ቤት ደሙን አይተው ስሙን ካወቁለት በኋላ ዳነ አለችኝ።

"አዴር፣ ካሁን በኋላ አፍላው። ካላፈላኸው አልሸጥልህም። ለሐኪሙም ምን እንደምትጠጣ ንገረው" አለች።

የት ነው የማፈላው? ባለቤቴ ምድጃ ላይ? መልስ ሳጣ ተቆጣሁ፤ መልስ ያጣ ሰው ሥራው ያ ነው። ሰዎች ቆመው እየሰሙ፣ "አንቺ ከዶክተር ልትበልጪ ነው? በጣትሽ የምትፈርሚ ሴት" አልኳት።

የጄሪካኑን ክዳን አጠበቀች፣ እጇን በልብሷ ጠረገች። እኔም አጠገቧ ካለችው ሌላ ሴት ገዝቼ ጠጣሁ። ያን ቀን ወደ ግድግዳው እንኳ አልዞርኩም፤ እያየችኝ ነው የጠጣሁት። አራት ወር ሙሉ እንደዚያ አደረግኩ። ሰላምታዋን እንኳ እየዘለልኩ።

ከአራት ወር በኋላ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ደጃፌ ከተቀመጥኩበት ወንበር መነሳት አቃተኝ። ለባጃጅም አልመች አልኩ። ሁለት የሰፈር ጎልማሶች ከነወንበሬ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ ወሰዱኝ። ሕፃናት ተከተሉን፤ አንዲት አሮጊት ሙሽራ መስዬአት እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም ከላይ ሆኜ እጄን እያውለበለብኩ እንደ ሹም አለፍኩ። እያሳቅኳቸው ነበር። ከወገቤ በታች የራሴ እንዳልሆነ ግን ለማንም አልነገርኩም።

በገባሁበት ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። የአገሩ ልጅ ናት፣ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፣ ከአንዱ ጋር በኦሮምኛ ጀምራ ከሌላው ጋር በሶማሊኛ የምትጨርስ። ደሜን ስትቀዳ ካርዴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ በሩን አየች። ባለቤቴ ካርድ ክፍል ሄዳለች። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ እዚህ የሚመጣ ክርስቲያን አንዱም የግመል ወተት አይጠጣም። በሽታው ግን ይገኝበታል። አንተስ?" አለችኝ።

ሳቄ መጣ። "ከረቡዕና ዓርብ በቀር" አልኳት።

እሷ አልሳቀችም። ተጨማሪ ደም ወሰደች። በሽታው ብሩሴሎሲስ ይባላል፤ ከከብትና ከግመል ባልፈላ ወተት የሚመጣ ነው። በከተማ ሰው ላይ ብዙ አይገኝም አሉ፤ ማን ፈልጎት። ያንን ክኒን ቀስ በቀስ አስተውኝና ሌላ መድኃኒት ከመርፌ ጋር ለወራት ሰጡኝ። ትኩሳቱ ጠፋ፣ ላቡ ጠፋ፣ ወገቤም እንደ ነገሩ ተመለሰ። ግራ ዳሌዬ ግን መገጣጠሚያው ተበልቶ አልቆ ነበር። ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ይተርፍ ነበር አሉኝ። ሐኪሞች አንዳንዴ ቢዋሹ ምን ነበር።

መቆም ስጀምር ቁጣዬን ይዤ ወደ መጀመሪያው ሐኪም ሄድኩ። የምለውን በመንገድ ላይ አጥንቼ ነበር። እሱ ግን ሳልጨርስ ካርዴን አወጣና ጣቱን የግመል ወተት አይጠጣም በሚለው መስመር ላይ አኖረ።

"ጠይቄዎት ነበር" አለ።

ብቻ ይህን ነው ያለው። ድምፁ ውስጥ ኩራት አልነበረም። ደሜን ሳይፈትሽ አፌን ማመኑ የእሱ ጥፋት ነው፤ ይህን አልምረውም። አፉ ግን የኔ ነበር። ከዚያው መስመር በላይ "ያጨሳል" የሚል አነበብኩ። የማላደርገው ተጽፎ፣ የማደርገው ተሰርዞ፣ ያ ካርድ የኔ ሳይሆን የአንድ የማላውቀው ሽማግሌ ካርድ ነበር። እሱን ነው ሲያክሙት የከረሙት። ሲጃራ አላጨስም አልኩትና ወጣሁ።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ግመል ስል ፊቷን የምታዞር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሲጃራው ነው። እሱም ውሸት ነው ስላት ጉልበቷን ያዘች። "ዓመት ሙሉ ለሱ ስሰግድልህ ነበር" አለችኝ። ያን ቀን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይሁንና ሚስጥሩን ለሰፈር ማውጣት አልቻለችም። የማኅበር ሰው ባል ግመል ጠጣ ተብሎ እንዴት ይወራል? ጠያቂዎች ቤቱን ሞልተው በተቀመጡበት፣ ላም ነው አለች። ደቻቱ ዳር ካለችው ሴት በመንገድ ላይ ጥሬ የላም ወተት ጠጥቶ ነው፤ ንጹሕ ያልሆነ ሸጣበት አለች። አንደኛዋ ጎረቤት የትኛዋ ናት ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ ከእኔ የሰማችውን ምልክት ነገረች፤ ሁለት ጄሪካን የምትይዘዋ፣ ከተዘጋው ጋራዥ አጠገብ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጨጓራ ያመመው ሰው መስዬ ፊቴን አዞርኩ። በመጨረሻዎቹ አራት ወራት ከእሷ አንድ ጣሳ አልጠጣሁም፤ በሽታው ከማን ወተት እንደመጣም ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። አፍላው ያለችኝ ግን እሷ ብቻ ናት።

በከዘራ እስከ ደቻቱ መድረስ ስችል ሄድኩ። ከፊቷ አንድ ጄሪካን ብቻ ነው ያለው። የላሙ የለም። የሰፈሬ ሴቶች ከአጠገቧ ካለችው፣ እኔም አራት ወር ሙሉ ጥሬ ወተት ስገዛ ከከረምኩባት፣ እየገዙ ነበር።

"አዴር፣ በእግርህ መጣህ" አለች።

"በሁለቱም አይደለም" አልኳት። አልሳቀችም። ስለ ስድቤ ልጀምር ስል እጇን አነሳች።

"እሱን ተወው። በጣቴ እንደምፈርም እኔም አውቃለሁ። ግን ሴቶቹ በሷ ወተት ነው ያነከሰው እያሉ ነው። አፍላው አላልኩህም?"

"ብለሽኛል።"

"እሱን ንገራቸው። ላም በል፣ ግመል በል፣ እንደፈለግክ። አፍላው ብላኝ ነበር ብቻ በላቸው።"

እላለሁ አልኩ። ከበዓሉ በኋላ እላለሁ አልኩ።

በዓሉ አለፈ፣ ሌላም በዓል አለፈ። የባለቤቴ ማኅበር ሁለት ጊዜ ቤታችን ዋለ። ሴቶቹ ተቀምጠው ስለ እግሬ ሲጠይቁኝ ሦስቱ ቃላት ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣሉ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አስባለሁ፤ ታዲያ ለምን ቤትህ አላፈላኸውም የሚለውን። ባለቤቴ በዓይኗ ታየኛለች። እኔም ቃላቱን ውጬ ስለ እግሬ አንድ ቀልድ እጥላለሁ፤ ይስቃሉ፣ ጠላቸውን ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። በማግስቱም ወተት ከሌላዋ ይገዛሉ።

እዚህ መጻፌ አይቆጠርም። የጠየቀችኝ በአፌ ነው፣ በሴቶቹ ፊት። እሷም ካለፍኩ ሰላም ትለኛለች እንጂ ደግማ አላስታወሰችኝም። አፍላው ብላኝ ነበር። ሦስት ቃል ነው፣ እስካሁን አለብኝ።